«ናቹራል» ማለት እንዲሁ የተተወ ማለት አይደለም

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ፣ ጪጩ አካባቢ፣ በለቀማ ወራት መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ማየት የተለመደ ነው። ቀዩ፣ ቢጫውና ጥሬው አረንጓዴ አንድ ላይ ተዘርግፎ አቧራ ይለብሳል፣ ዶሮና ፍየል ይረግጠዋል። ለምን እንዲህ ይሆናል ብሎ ለጠየቀ መልሱ አጭር ነው፦ «ናቹራል ነው እኮ!»

ገበሬውን አልወቅስም። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሱኝ «ናቹራል ከሆነ ምንም አይፈልግም፣ እንዳለ አምጣው» እያሉ በየቀበሌው የሚዞሩት ደላሎች ናቸው። እንዳለ የመጣውን ቡና የሚገዙት በርካሽ ነው፤ የዓመት ልፋት የሚቀልጠውም እዚያ ላይ ነው።

በቡና ንግድ ናቹራል የሚባለው ሳይፈለፈል ከነልጣጩ የደረቀ ቡና ነው፤ እኛ ያልታጠበ ወይም ደረቅ ቡና የምንለው፣ ሲደርቅ ጀንፈል የሚሆነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ አዘገጃጀቱ ብቻ ነው። እንዲያውም ከታጠበው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚታጠበው ቡና በተለቀመበት ዕለት ተፈልፍሎ፣ ገንዳ ውስጥ ተብላልቶ፣ የሚያሟልጨው ሽፋን በውሃ ይለቀቃል፤ ብዙ እንከንም አብሮ ይወገዳል። ናቹራሉ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከልጣጩ ጋር ይከርማል። ልጣጩ የበሰለና ጣፋጭ ከሆነ ፍሬው ጣዕሙን ይወርሳል፤ ከሻገተ ደግሞ ሻጋታውን። መሬት ላይ የደረቀ ቡና ሲጠጣ አፈር አፈር የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሻጋታው ኦክራቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያመጣ ይችላል፤ የአውሮፓ ገበያ ለዚህ መርዝ ጣሪያ አስቀምጧል።

ናቹራል በደንብ የሚሠራበትን የማድረቂያ አልጋ ጠጋ ብሎ ያየ ልዩነቱን ይረዳል። ቡናው በስሱ ተሰጥቷል፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው ጥሬውን፣ የተበሳውንና የተሰነጠቀውን እየለቀሙ ያወጣሉ። በቀን ደጋግመው ያገላብጡታል፤ ፀሐይ ሲበረታና ሲመሽ ይሸፍኑታል። ሲደርቅ አንዷን ጀንፈል አንስተው ጆሯቸው አጠገብ ይነቀንቃሉ፤ ፍሬዋ ከውስጥ ኳ ኳ ካለች ቀርባለች። እርጥበቱ ከመቶ 12 ገደማ ሳይደርስ ጆንያ ውስጥ አይገባም።

ናቹራል ምንም አይፈልግም የሚለው የተሳሳተ እምነት መነሻ የለውም አልልም። በፀሐይ ማድረቅ ውሃም ማሽንም የማይጠይቅ የአያት የቅድመ አያት ዘዴ ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ የማጠቢያ ጣቢያዎች ሲስፋፉ ምርጡ ቀይ እሸት ወደ ጣቢያ ሄደ፤ የወደቀው፣ ዛፍ ላይ የደረቀውና የለቀማው ማብቂያ በየደጁ ተሰጣ። ደረቅ ቡና የትርፍራፊ ስም የያዘው ያኔ ነው። ያ ዘመን ግን አልፏል። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የጎረቤታችን የሲዳማ ናቹራል ቡና ነበር፤ በጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጧል። ያ ዋጋ ለውድድር ቡና እንጂ ለሁሉም የሚደርስ አይደለም፤ ነገር ግን ናቹራል የትርፍራፊ ስም አለመሆኑን ለማሳየት ይበቃል።

«ናቹራል ማለት ኬሚካል ያልነካው ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም፤ ያ ኦርጋኒክ ነው፣ እሱም በተቆጣጣሪ ድርጅት የምስክር ወረቀት ይረጋገጣል። የታጠበ ቡና ኦርጋኒክ ሊሆን ይችላል፣ ናቹራሉም ላይሆን ይችላል። የታጠበው በሳሙና ወይም በመድኃኒት ይታጠባል የሚለው ደግሞ ፈጽሞ ሐሰት ነው፤ ውሃ ብቻ ነው።

የጪጩና የአካባቢው ገበሬዎች ሆይ፣ ቀዩን ብቻ ልቀሙ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ስጡ። ደላላው «እንዳለ አምጣው» ሲላችሁም የተለቀመውን ዋጋና የተቀላቀለውን ዋጋ ለየብቻ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።