እውነት ወይስ ተረት? ሰውነት የሚፈርደው በፕላስቲኩ ገጽ ነው

በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ደም የሚያዘዋውሩት ቱቦዎች፣ ክንድ ላይ የሚገባው ካኑላ፣ የሽንት ካቴተር፣ አብዛኞቹ ከፖሊመር ማለትም ከፕላስቲክ ወይም ከጎማ የተሠሩ ናቸው። ሰውነት እንዲቀበላቸው ስለሚለብሱት ሽፋን ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይታመናል።

ተረት 1፦ «ንጹሕና መርዝ የሌለው ፕላስቲክ ደምን አያስቆጣም።»

እውነት፦ ደም ባዕድ ገጽ በነካ በሴኮንዶች ውስጥ ፋይብሪኖጅንን የመሰሉ ፕሮቲኖች ይለጠፉበታል። ፕሌትሌት የተባሉት የደም ቅንጣቶች እነሱን ይዘው ይከማቻሉ፤ ደሙም ሊረጋ ይችላል። ፕላስቲኩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን የደም ሥር የውስጥ ግድግዳ ያለው መከላከያ የለውም።

ተረት 2፦ «ሽፋን እንደ ግድግዳ ቀለም ነው፤ ከተቀባ በቃ።»

እውነት፦ ጥሩ ሽፋን ዘወትር ሥራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቪንሰንት ጎት እና ባልደረቦቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪን ገጽ ላይ ማጣበቅ እንደሚቻል አሳዩ። ኋላም ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ሞለኪውሉን በአንድ ጫፉ ብቻ አሰሩት፤ ነጻ የቀረው ክፍል አንቲትሮምቢን የተባለውን የደም ፕሮቲን እየያዘ መርጋትን ይገታል። በጃፓን እነ ካዙሂኮ ኢሺሃራ ደግሞ የሕዋስን የውጭ ሽፋን የሚመስል ፖሊመር አበለጸጉ፤ ውሃ አቅፎ ስለሚይዝ ፕሮቲን በቀላሉ አይለጠፍበትም።

ተረት 3፦ «ጀርም የሚገድል ሽፋን ካለው ኢንፌክሽን አያሰጋም።»

እውነት፦ በብሪታንያ ከ7,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ለአጭር ጊዜ የሚገባና ጀርም እንዲገድል ብር የተለበጠ የሽንት ካቴተር ከተለመደው የተሻለ ጥቅም እንዳላሳየ አረጋግጧል። ካቴተርን ሲያስፈልግ ብቻ፣ በንጹሕ እጅ ማስገባትና ቶሎ ማውጣት ዛሬም ዋናው መከላከያ ነው።

ተረት 4፦ «አንዴ የተስማማ ሽፋን የትም ይስማማል።»

እውነት፦ ፕሮቲንና ሕዋስ የማያስጠጋ ገጽ ለደም ቱቦ ይበጃል፤ ከአጥንት ጋር መጋጠም ላለበት ተተኪ አካል ግን ጉዳት ነው፤ እዚያ ሕዋስ መያዝ አለበት። ሽፋኑ ራሱ ሊላጥም ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በደም ሥር ከሚገቡ መሣሪያዎች የሚላጥ ሽፋን ሕሙማንን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

ስለዚህ «ተስማሚ ነው» ሲባል የሚከተለው ጥያቄ «ለየትኛው የአካል ክፍል፣ ለስንት ጊዜ?» መሆን አለበት። መልስ የሌለው ሽፋን ወደ ሕሙማን ሰውነት መግባት የለበትም።