ካያክ በኩዌት ዳርቻ፤ ምቾት የደህንነት መጀመሪያ

የኩዌት ከተማ በሰሜን በኩል ወደ የብስ ጠልቆ ከገባው የኩዌት ወሽመጥ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከሰፊው ባሕረ ሰላጤ ጋር ትዋሰናለች። ኃይለኛው ሙቀት ጋብ ከሚልበት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት፣ ከኩዌት ማማዎች አንስቶ በሳልሚያና በመሲላ አልፎ እስከ ፊንጣስ በሚዘልቀው ዳርቻ ካያክ የተሰኘችውን ጠባብና ረጅም ጀልባ የሚቀዝፉ ሰዎች ይታያሉ። በዚያች አገር በሥራ ላይ ለሚገኙ ወገኖቻችንም የዕረፍት ቀንን በዚህ መልኩ ማሳለፍ የሚያጓጓ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የምናውቀው ውኃ ወንዝና ሐይቅ በመሆኑ፣ ወደ ባሕር ከመዝለቃችን በፊት ስለ ጀልባዋም ሆነ ስለ ባሕሩ ጠባይ ጥቂት መረዳት ይገባል።

በአነስተኛ ጀልባ ባሕር መውጣት ለኩዌት አዲስ ነገር አይደለም። ከወሽመጡ ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው ሱቢያ የመሬት ቁፋሮ ያካሄዱ የሥነ ቅርስ ተመራማሪዎች፣ የ7 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የሬንጅ ቁርጥራጮችን አግኝተዋል። ቁርጥራጮቹ በአንድ ወገናቸው የታሰረ ሸምበቆ አሻራ አለባቸው፤ በሌላው ወገን ደግሞ በመርከብ ገላ ላይ የሚለጠፉ ዛጎል ለበስ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ተጣብቀውባቸዋል። ይህም በሸምበቆ ተሠርታ በሬንጅ የተለቀለቀች ጀልባ በዚያ ባሕር ላይ ትንሳፈፍ እንደነበር ያስረዳል። ግኝቱ እስካሁን በዓለም ላይ ከታወቁት የባሕር ጀልባ ቅሪቶች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት የሚመደብ ነው። እ.ኤ.አ በ2019 ለትራፊክ የተከፈተው የሼክ ጃቢር ረጅም ድልድይ ዛሬ ከተማዋን ከዚሁ ከሱቢያ ጋር ያገናኛል። የጣና ዳር ነዋሪ ከደንገል የሚሠራትን ታንኳ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ የሸምበቆዋ ጀልባ ነገር ባዕድ አይሆንበትም።

የካያክ ትውልድ ግን ከሐሩሩ ምድር ሳይሆን ከበረዶማው የዓለማችን ሰሜናዊ ጫፍ ነው። የኢኑይትና የአሊዩት ሕዝቦች ከእንጨት ወይም ከዓሣ ነባሪ አጥንት በተዋቀረ አጽም ላይ የባሕር እንስሳት ቆዳ እየወጠሩ ለአደን ይሠሯት ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጀልባዋ በባለቤቷ የሰውነት ልክ ትሠራ የነበረ መሆኑ ነው። በስፋት በሚነገረው ልማድ ርዝመቷ የአዳኙ የተዘረጉ ክንዶች ሦስት እጥፍ፣ የመቀመጫዋ ስፋት ደግሞ የዳሌው ስፋትና ሁለት ጭብጥ ያህል ነበር። ካያክ ልብስን ትመስላለች፤ በልክ ካልሆነች ወይ ታጠብቃለች፣ ወይ ትወልቃለች።

የዘመኑ ካያክ በፋብሪካ ለብዙኃን የምትመረት በመሆኗ፣ ልኩን የማስተካከሉ ኃላፊነት የቀዛፊው ሆኗል። ይህም ለቅንጦት የሚደረግ ሥራ አይደለም። ማዕበል ጀልባዋን ወደ ጎን ሲያዘነብል ሚዛን የሚጠበቀው በእጅ ብቻ ሳይሆን፣ በመቀመጫ፣ በወገብ፣ በጭንና በእግር ጭምር ነው። እግሩ መርገጫውን የማይደርስለት፣ ወገቡ ድጋፍ ያጣ ወይም መቀመጫው የሚያንሸራትተው ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይዝላል፤ የዛለ ሰው ደግሞ በሚፈለግበት ቅጽበት ጀልባዋን ሊያቀና አይችልም። በመሆኑም በባሕር ላይ ምቾትና ደህንነት ተነጣጥለው የሚታዩ ጉዳዮች አይደሉም።

ማስተካከሉ ከባድ ሙያ አይጠይቅም። በቅድሚያ ጀልባዋ በአሸዋ ላይ እንዳለች ይቀመጡባታል። የእግር መርገጫው ጉልበት በመጠኑ ታጥፎ ጭን ከላይኛው ክፈፍ ጋር እስኪገናኝ ድረስ ይቀረባል ወይም ይራቃል። የጀርባ መደገፊያው የታችኛውን ወገብ እንዲይዝ ዝቅ ይደረጋል፤ ከፍ ያለ መደገፊያ ለማረፍ ቢመችም፣ ሲቀዝፉ ወገብን እንደልብ ከማዞር ይከለክላል። በዳሌ ግራና ቀኝ የሚተርፈው ክፍተት ውኃ በማይመጥ ስፖንጅ ይሞላል። ሆኖም ከመጠን በላይ መጥበቅ አይኖርበትም፤ ጀልባዋ ስትገለበጥ ቀዛፊው ያለ ችግር መውጣት አለበትና። በኪራይ የሚገኙት ካያኮች አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚቀመጡባቸው ክፍት ዓይነቶች በመሆናቸው ለጀማሪ ይስማማሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ መርገጫቸውና መደገፊያቸው ሊስተካከል ይገባል።

ቀጣዩ ጥያቄ ጀልባዋ ብትገለበጥ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሰውነት የሚገባባት ካያክ ከፊትና ከኋላ ውኃ የማያስገቡ የታሸጉ ክፍሎች ከሌሏት፣ አየር የተሞሉ ከረጢቶች ሊገቡባት ይገባል፤ አለበለዚያ ውኃ ሞልቷት ትሰምጣለች። በዙሪያዋ የሚዘረጋው ገመድ የተገለበጠ ሰው የሚጨብጠው ነው። የውኃ መቅጃ ፓምፕ፣ ፊሽካ፣ መብራትና ውኃ በማያስገባ ከረጢት የተያዘ ስልክ ከቀዛፊው ሊለዩ አይገባም። ሕይወት አድን ጃኬት ደግሞ ጀልባዋ ላይ የሚጫን ዕቃ ሳይሆን ሰውነት ላይ የሚታሰር ነው። ልክ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ ጃኬቱ አገጭን አልፎ ከወጣ ላልቷል። ከጀልባ ወድቆ ተመልሶ መሳፈርንም፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ከባልንጀራ ጋር ሆኖ አስቀድሞ መለማመድ ይበጃል።

የኩዌትን ባሕር ልዩ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ንፋሱ፣ የውኃው ሙላትና ሙቀቱ ናቸው። ዐረቦች ሸማል የሚሉት ንፋስ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። የፊንጣስ ዳርቻ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ በመሆኑ፣ ይህ ንፋስ ከየብስ ተነሥቶ ቀዛፊውን ወደ ሰፊው ባሕር ይገፋዋል። አሳሳቹ ነገር፣ ዳርቻው በሕንፃዎች የተከለለ ስለሆነ አጠገቡ ያለው ውኃ ጸጥ ብሎ መታየቱ ነው። ማዕበሉ የሚታወቀው ርቀው ከሄዱ በኋላ ነው፤ መሄዱ የቀለለውን ያህልም መመለሱ ይከብዳል። ስለዚህ ብልህ ቀዛፊ ጉልበቱ ሳይደክም አስቀድሞ ከንፋሱ አንጻር ይቀዝፋል፤ ሲመለስ ንፋሱ ያግዘዋል። ንፋሱ ከየብስ በኩል እየበረታ ከሆነ ግን ጉዞውን ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል።

ባሕሩ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ሳቢያ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ይጎድላል። ይህ በጣና ሐይቅ የማናውቀው ጉዳይ ነው። በኩዌት ወሽመጥ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ወሽመጡ ጥልቀት የሌለው በመሆኑም፣ ጠዋት ውኃ የነበረው ሥፍራ ከሰዓት በኋላ ሰፊ ጭቃ ሆኖ ይገኛል። በጭቃ ላይ ጀልባ መቀዘፍ አይቻልም፤ በእግር መሻገርም አደገኛ ነው። የሙላቱን ሰዓት ከወጪው ቀን በፊት ማጣራት የግድ ነው።

ሙቀትን በተመለከተ፣ በኩዌት ወሽመጥ እ.ኤ.አ በሐምሌ 2020 የተመዘገበው የውኃ ሙቀት 37.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፤ ይህ የሰው ልጅን የሰውነት ሙቀት የሚያህል ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ሰውነትን አያቀዘቅዝም። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31 ድረስ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በፀሐይ ላይ መሥራትን የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለሥራ የተከለከለው ሰዓት ለመዝናኛም አይሆንም። የመጠጥ ውኃ፣ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም የሆነ ቀላል ልብስ በማንኛውም ወቅት ያስፈልጋሉ። በአንጻሩ በክረምት ቅዝቃዜ ወራት ውኃው ስለሚበርድ፣ አለባበስ ለአየሩ ሳይሆን ለውኃው መሆን አለበት።

ፈይለካ ደሴት ከዳርቻው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለሚቀዝፍ ሰው ይህ የ4 ሰዓት መንገድ ነው፤ መመለሻው ሲታከልበት የልምድ ባለቤቶች፣ ያውም በቡድን የሚሄዱ ሰዎች ጉዞ ይሆናል። ጀማሪ ከዳርቻው ሳይርቅ፣ ከወደብ መግቢያዎች፣ ከነዳጅ ማስጫኛዎችና ከወታደራዊ ሥፍራዎች ተለይቶ መቅዘፍ ይኖርበታል። የሚነሣበትን ቦታና የሚመለስበትን ሰዓት በየብስ ላለ ሰው ነግሮ መውጣት፣ ችግር ሲገጥምም በአደጋ ጊዜ ቁጥር 112 መደወል እንደሚቻል ማወቅ ያስፈልጋል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በአሸዋው ላይ ሆኖ መርገጫን ለማቅረብ፣ ጃኬትን ለማጥበቅና ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ለመመልከት 10 ደቂቃ ይበቃል። በዚህ ዝግጅት ያልዳነ ጉድለት ባሕር ላይ ሲደርስ በጉልበት አይጠገንም፤ ዝግጅቱን የፈጸመ ሰው ግን በዕረፍት ቀኑ ባሕሩን በሰላም አይቶ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል።