የደንዳኔ ኪሶች ደዌ፤ ጠባዩና ምልክቱ

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ለገበያ የወጣ አዛውንት፣ ከእምብርቱ በታች ግራ ጎኑን ይዞ «ቆረጠኝ» ቢል፣ ወዳጆቹ ብርድ ነው፣ ጨጓራ ነው እያሉ ያጽናኑታል እንጂ የደንዳኔውን ኪሶች የሚጠረጥር እምብዛም የለም።

ከአማዑት ሁሉ የመጨረሻው የሆነው ደንዳኔ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ የደም ሥሮች ጡንቻውን ሰንጥቀው በሚያልፉበት ስስ ቦታ ውስጠኛው ሽፋን፣ ከመነዳሪ በአረጀ ጎማ ስንጥቅ አብጦ እንደሚወጣ፣ ወደ ውጭ ተገፍቶ ትንንሽ ኪሶችን ይሠራል። ኪስ መኖሩ ብቻውን ሕማም ስላልሆነ፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ዕድሜውን ይፈጽማል።

ኪሱ ሲቆጣ ግን በግራ በኩል የታችኛውን ሆድ ለቀናት የማይለቅ ሕመም ይይዛል፤ ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድርቀት ወይም አንዳንዴ ተቅማጥ ይከተላል። በቀኝ በኩል የተቆጣ እንደ ሆነ ከትርፍ አንጀት ሕመም ለመለየት ያስቸግራል። በኪሱ አጠገብ ያለው የደም ሥር ሲበጠስ ደግሞ ያለ አንዳች ሕመም ብዙ ቀይ ደም በድንገት ይፈስሳል፤ ይህንንም ሕዝቡ ኪንታሮት ነው ብሎ ያልፈዋል።

በኡጋንዳ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ሐኪም ዴኒስ በርኪት ከኒል ፔይንተር ጋር በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ደዌው ገለባው የተገፈፈ ዱቄት በሚመገቡ አገሮች መብዛቱን፣ በአፍሪቃ ገጠር ግን ብርቅ መሆኑን አስረድቶአል። የዳሞት ገበሬ በዳጉሳና በጤፍ እንጀራ፣ በጾም ወራትም በሽሮና በክክ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ከደንዳኔ ደዌዎች በደጋው አገራችን ይበልጥ የታወቀው የኪሱ ቁጣ ሳይሆን የደንዳኔ መጠምዘዝ ነው፤ በዚህም ሆድ ይነፋል፣ ፈስና ዓይነ ምድር ይቋረጣል። የከተማው ኑሮ ግን ወደ ፉርኖ ዱቄትና ወደ ለስላሳው ምግብ ባዘነበለ መጠን፣ ሽማግሌዎቻችን ለኪሶቹም መጋለጣቸው አይቀርም።

በኪሱ ይወሸቃሉ ተብሎ ቀድሞ ለሕመምተኛ ይከለከሉ የነበሩት ለውዝ፣ በቆሎና ፈንዲሻ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አደጋውን እንደማይጨምሩ ስለ ታወቀ፣ ከማዕድ የሚርቁበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ሆዱ እንደ እንጨት የደረቀ፣ ትኩሳቱ እየበረታ የሚሄድ፣ ደም የሚፈስሰው ወይም ፈስና ዓይነ ምድር የተቋረጠበት ሰው ሌሊቱን ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ሲደርስም «ጨጓራ ነው» ከማለት ይልቅ የሕመሙን ጎን፣ የቀኑን ብዛትና የደሙን መልክ ለሐኪሙ ይንገር፤ የምርመራው ጅማሬ ይህ ነውና።