የሰውነት ይዘት የምስል ምርመራና የአንጀት ብግነት ሕመም፦ ታካሚዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የአንጀት ብግነት ሕመም እየተሻለና እያገረሸ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሕመም ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ክሮንስ እና አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ናቸው። ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድካምና የክብደት መቀነስ ከምልክቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። የአንጀት ቲቢም ተመሳሳይ ምልክቶች ስላሉት፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀንሱ መድኃኒቶች ከመጀመራቸው በፊት ሁለቱን መለየት ይገባል።

ሕመሙ በመድኃኒት ሊረጋጋ ቢችልም፣ አንጀት ሲጠብ፣ ፊስቱላ ሲፈጠር፣ መግል ሲቋጥር ወይም መድኃኒት ውጤት ሳያመጣ ሲቀር ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። በዝግጅት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በድንገት ከሚደረገው ያነሰ ሥጋት አለው። በመሆኑም ማን ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው እንደሚችል አስቀድሞ መገመት ጠቀሜታው ከፍተኛ ነው።

ምርመራው እንዴት ይከናወናል?

በሆድ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት ደረጃ ከተነሳ ምስል ላይ የጡንቻ፣ ከቆዳ ሥር ያለ ስብ እና በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለ ስብ ስፋት ይለካል። የጡንቻው ስፋት ከታካሚው ቁመት ጋር ተነጻጽሮ ይሰላል። ለሕመሙ ክትትል ቀደም ሲል የተነሳ ምስል ካለ ልኬቱን ከእርሱ ላይ መውሰድ ስለሚቻል፣ ለዚህ ብቻ ተብሎ ለተጨማሪ ጨረር መጋለጥ ላያስፈልግ ይችላል።

ሚዛን ብቻውን ለምን አይበቃም?

ብግነት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና ስቴሮይድን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ጡንቻን ያመነምናሉ። ይሁን እንጂ ስብ የጡንቻውን ቦታ ሲተካ ክብደት ባለበት ሊቆይ ይችላል። በሚዛን ላይ ጤናማ የሚመስል ሰው ጡንቻው የሳሳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ውጤቱ ምን ያመለክታል?

በርካታ ጥናቶች የጡንቻ መሳሳትን ከቀዶ ሕክምና አስፈላጊነትና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚከሰቱ ችግሮች ጋር አያይዘውታል። ሆኖም የጥናቶቹ ግኝቶች ሙሉ በሙሉ የሚስማሙ አይደሉም። ስለዚህ ውጤቱ ሐኪሙ ከደም፣ ከሰገራና ከኢንዶስኮፒ ምርመራ ጋር አገናዝቦ የሚመለከተው አጋዥ መረጃ እንጂ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ጡንቻው የሳሳ ታካሚ ሁሉ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል ማለትም አይደለም፤ አመጋገብንና የሰውነት እንቅስቃሴን በባለሙያ ምክር ማስተካከል አቅምን ለማጎልበት ይረዳል።

ከታካሚው የሚጠበቁ ተግባራት

1. ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ የሪፈር ወረቀትዎን፣ የቀድሞ የምርመራ ውጤቶችንና ምስሎችን ይያዙ።
2. እርጉዝ ከሆኑ ወይም እርግዝና ከጠረጠሩ ከሲቲ ስካን በፊት ለባለሙያው ያሳውቁ።
3. ስቴሮይድ የሚወስዱ ከሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አያቋርጡ።
4. በጾም ወቅት ስለሚኖርዎ አመጋገብ አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይመካከሩ።
5. የጡንቻዎን ሁኔታና የሚያስፈልግዎትን የምግብ መጠን በተመለከተ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ከባድ የሆድ ሕመም ከትውከት ጋር፣ የሆድ መነፋት ከሰገራና ከጋዝ መከልከል ጋር፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም ብዙ ደም መፍሰስ ካጋጠመዎ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።