ለቪዲዮ ጌም የትኛውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እንምረጥ?



በየዓመቱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ በሚመረጥበት ወቅት ቢያንስ አንድ ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጥቶ «ጌም ለመሥራት የትኛው ቋንቋ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ለብዙ ዓመታት መልሴ አንድና አጭር ነበር፦ ሲ ፕላስ ፕላስ። ዛሬ ይህ መልስ የት ላይ እንደ ሳተ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

መልሱ መሠረት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። አንድ ጨዋታ በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲያሳይ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት ፕሮግራሙ የተጫዋቹን ትእዛዝ ይቀበላል፣ የገጸ ባሕርያቱን እንቅስቃሴ ያሰላል፣ ግጭትን ይፈትሻል፣ ምስሉንም አዘጋጅቶ ለግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ያስረክባል። እንደ ጃቫና ሲ ሻርፕ ባሉት ቋንቋዎች ደግሞ ሥራውን የጨረሰ ማኅደረ ትውስታን የሚያጸዳው ጋርቤጅ ኮሌክተር ባልታሰበ ሰዓት ሊነሣ ይችላል። ጽዳቱ 30 ሚሊሰከንድ ከፈጀ ሁለት ፍሬም ያህል ያመልጣል፤ ተጫዋቹም ጨዋታው ሲደናቀፍ ያያል። ለደመወዝ ፕሮግራም እንዲህ ያለው መዘግየት ከቁጥር አይገባም። በሲ ፕላስ ፕላስ ግን ማኅደረ ትውስታው መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስነው ኮዱን የሚጽፈው ሰው ነው።

ስሌቱ ትክክል ነው። ሸክሙን በማን ላይ እንደምጭነው ግን አላየሁም። ከዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ተማሪ ምክሬን ተቀብሎ ፕሮጀክቱን በሲ ፕላስ ፕላስ ከባዶ ጀመረ። መስኮት መክፈቱን፣ ምስል መጫኑን፣ ድምፅ ማጫወቱን ሁሉ ራሱ ጻፈ፤ የቀረውን ጊዜ ከማኅደረ ትውስታ ስሕተቶች ጋር ሲታገል አሳለፈው። በመጨረሻ ለፈታኞቹ ያቀረበው ጨዋታ ሳይሆን የጨዋታ መሠረት ነበር። ውጤቱ ዝቅ አለ፤ ፈታኞቹም አልተሳሳቱም። ጥፋቱ የአማካሪው የእኔ ነበር።

«ከጨዋታው ውስጥ አንተ የምትጽፈው የትኛውን ክፍል ነው?» ብዬ ልጠይቀው ይገባ ነበር። ዛሬ ከባዱ ሥራ በአብዛኛው በጌም ኢንጂኑ ውስጥ አልቆ ይቀርባል። የዩኒቲ ውስጣዊ ክፍል በዋናነት በሲ ፕላስ ፕላስ የተሠራ ሲሆን ተጠቃሚው የሚጽፈው በሲ ሻርፕ ነው። ጎዶትም እንዲሁ በሲ ፕላስ ፕላስ ተሠርቶ ጂዲስክሪፕት የተባለ ቀለል ያለ ቋንቋ ለተጠቃሚው ይሰጣል። ስለዚህ ቋንቋ መረጥን ስንል አብዛኛውን ጊዜ የመረጥነው ኢንጂን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን ሮለርኮስተር ታይኩንን ክሪስ ሶየር ከሞላ ጎደል በአሴምብሊ ጽፎታል። ድንቅ ሥራ ነው፤ ለጀማሪ ምሳሌ አድርጎ ማቅረቡ ግን ጀማሪውን ማሳሳት ነው፤ ሶየር በአሴምብሊ ለዓመታት የሠራ ሰው ነበርና። በአንጻሩ ማይንክራፍት ጋርቤጅ ኮሌክተር ባለው በጃቫ ተጽፎ ዓለምን አዳርሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለስልክ የወጣው እትሙ ግን የተጻፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ጨዋታው ያው ሆኖ መሣሪያው ሲለወጥ ቋንቋውም ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን ባላትሮን ደግሞ አንድ ሰው በሉአ ሠራው። የካርታ ጨዋታ በመሆኑ 16.7 ሚሊሰከንዱ ብዙም አያስጨንቀውም።

ጋርቤጅ ኮሌክተሩም ቢሆን ይገራል። በየተኩሱ አዲስ ጥይት ከመፍጠር ይልቅ 100 ጥይቶችን ጨዋታው ሲጀመር አዘጋጅቶ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል፤ የሚጣል ነገር ከሌለ የሚጸዳም የለም። ኢንጂን ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት ለሚፈልግ ተማሪ ግን ዛሬም ሲ ፕላስ ፕላስን እመክራለሁ፤ የዚያን ጊዜ የፕሮጀክቱ ርዕስ «ኢንጂን» ይሁን እንጂ «ጨዋታ» አይባል።

አሁን ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች የቋንቋ ስም አልነግራቸውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ በመረጡት ኢንጂን አንዲት ኳስ ከግድግዳ ጋር የምትጋጭበትን ትንሽ ጨዋታ ሠርተው፣ ከጓደኞቻቸው መካከል እጅግ ርካሽ በሆነው ስልክ ላይ ጭነው፣ እያንዳንዱ ፍሬም ስንት ሚሊሰከንድ እንደ ፈጀ ለክተው እንዲመጡ አዛቸዋለሁ። ውይይታችንን የምንጀምረው ከዚያ ቁጥር ነው።