የሥራ ትውውቅ

አንድ ሰው አዲስ ሥራ ሲጀምር፣ ሙያውን ቀደም ብሎ የተማረ ቢሆንም እንኳ፣ የሚገባበትን መሥሪያ ቤት አሠራር ገና አያውቅም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ ሥራው ጠባይ፣ ስለ ቦታው፣ አብረውት ስለሚሠሩት ሰዎች፣ እንዲሁም ስለ መብቱና ስለ ግዴታው ገለጻ ይደረግለታል። ይህ የሥራ ትውውቅ ይባላል፤ በተለምዶ «ኦሪየንቴሽን» ሲባልም ትሰሙ ይሆናል።

ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከተው። አንዲት ወጣት በላሊበላ ከተማ በአስጎብኚነት ተቀጠረች እንበል። 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገባቸውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቃለች። ይሁን እንጂ ይህ እውቀት ብቻውን እንግዶችን ለመምራት አያበቃትም። ስለሆነም አንድ ነባር ባልደረባዋ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ ወደ ታነጸው ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይዟት ይሄዳል።

በዚያ የምትማረው ብዙ ነው። በመጀመሪያ፣ ጫማ በደጃፍ እንደሚወልቅ፣ በቅዳሴ ሰዓት ጉብኝት እንደማይደረግና ካህናቱ ሳይፈቅዱ ፎቶግራፍ እንደማይነሣ ትረዳለች። ሁለተኛ፣ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት በመነካካትና በካሜራ ብልጭታ እንደሚጎዱ ይነገራታል። ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበውና በድንጋይ ገንዳ የሚጠራቀመው ውሃ ለምእመናን ጠበል ስለሆነ፣ እንግዳ እጁን እንዳይነክርበት መጠንቀቅ ይኖርባታል። ሦስተኛ፣ በትውፊት የሚነገረውን «ይባላል» ብላ፣ በማስረጃ የታወቀውን ደግሞ «ነው» ብላ ለይታ መናገር ትለማመዳለች። በመጨረሻም፣ አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ ቶሎ እንደሚደክምና ዝግ ብሎ መሄድ እንደሚያስፈልገው ትገነዘባለች።

የሥራ ትውውቅ ለሠራተኛው ራሱም ጥበቃ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። መደበኛው የሥራ ሰዓትም በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። አሠሪው ሥራው ሊያስከትል የሚችለውን አደጋና መደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ለሠራተኛው የማስገንዘብ ግዴታ አለበት። ይህን ያላወቀ ሠራተኛ መብቱ ሲጓደል እንኳ መጓደሉን አያውቅም።

አንዳንድ አሠሪዎች ግን ሥራ በዝቷል በማለት ትውውቁን ይዘሉታል። በላሊበላ የገና በዓል ሲቃረብ እንግዳ ስለሚበዛ፣ አዲሷን አስጎብኚ «ሂጂና ሥሪ» ብሎ መላክ ጊዜ የሚቆጥብ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ባለማወቅ የተቀደደ የብራና ቅጠል በይቅርታ ወደ ነበረበት አይመለስም።

እንግዲህ እናንተም ነገ ሥራ ስትይዙ በትውውቁ ጊዜ ዝም ብላችሁ አድማጮች ብቻ አትሁኑ። ዋና ዋናውን ነጥብ በማስታወሻ ያዙ፤ ያልገባችሁንም ሳታፍሩ ጠይቁ። ገለጻ ያደረገላችሁ ባይኖር እንኳ፣ ነባር ሠራተኞችን ፈልጋችሁ ጠይቁ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቅን ሰው «አዲስ ነው» ብለው ያስረዱታል፤ ከመንፈቅ በኋላ የሚጠይቀውን ግን «እስከ ዛሬ ምን ሲሠራ ከረመ?» ይሉታል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

መልመጃ

1. ከላይ ያለው ጽሑፍ የሥራ ትውውቅን ጥቅም ለማስረዳት የተጠቀመባቸውን ምክንያቶች በቅደም ተከተል ጻፉ።
2. «ይባላል» እና «ነው» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን የአገላለጽ ልዩነት በሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሳዩ።
3. ወደ ትምህርት ቤታችሁ አዲስ ለመጣ ተማሪ ማወቅ የሚገባውን የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ።