በተከለለ ባሕር ውስጥ የሚወርዱ ጠላቂዎችና የሞተር ጀልባዎች



በየብስ ላይ አንድ ቦታ ተከለለ በተባለ ጊዜ ዐጥር ይታጠርለታል፤ በር ይበጅለታል፤ ዘበኛም ይቆምለታል። ባሕር ግን ዐጥር አይቀበልም። የባሕር ክልል የሚባለው በሕግ የተጻፈና በካርታ ላይ የተሠመረ መሥመር ስለ ሆነ፣ በውኃው ላይ ለሚሄድ ሰው መሥመሩ አይታየውም። ዛሬ የምንመለከተውም ጠላቂ ዋናተኞች ከባሕሩ ዳር እየተነሡ በሚወርዱባቸው በእንደዚህ ያሉ ጥብቅ ቦታዎች ሰውና ጀልባ ሳይጋጩ የሚኖሩበትን መንገድ ነው። ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ቢመስልም የሰው ሕይወት ያለበት ነው፤ ደንብ በማርቀቅና ደንብ በማስፈጸም ሥራ ለሚውል ሰውም እንግዳ አይሆንበትም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኮዙሜል የምትባል ደሴት በሜክሲኮ ምሥራቃዊ ጠረፍ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ትገኛለች። በአጠገቧ ያለው ኮራል፣ ማለት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በብዙ ዘመን የሚገነቡት ሕያው ድንጋይ፣ በዓለም ጠላቂዎች ዘንድ የታወቀ በመሆኑ የአገሩ መንግሥት በ1996 ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ ከለለው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 18 ቀን 2000፣ ከርስቲ ማኮል የተባለች እንግሊዛዊት ዘፋኝ ከሁለት ወንዶች ልጆቿና ከአንድ የአገሩ መሪ ጠላቂ ጋራ በዚያው ክልል በቻንካናብ አጠገብ ወረደች። ስፍራው ለጠላቂዎች የተለየና ጀልባ እንዳይሮጥበት የተከለከለ ነበር። ውኃ ውስጥ ቆይተው ወደ ላይ ብቅ ባሉ ጊዜ አንድ የሞተር ጀልባ በኀይል እየሮጠ መጣባቸው። እናቲቱ ከልጆቿ ቀድማ አየችው፤ በጀልባው መንገድ ላይ የነበረውን ልጇንም ገፍታ አዳነችው። እርስዋ ግን እዚያው ሞተች። ዕድሜዋ 41 ዓመት ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ያህል የሚያጓራ ሞተር ሲመጣ እንዴት አልሰሙትም ብለው ይጠይቁ ይሆናል። እርስዎ በፒያሳ ሲሄዱ ከኋላዎ የመኪና ጡሩምባ ቢነፋ፣ ዞረው ሳያዩ መኪናው በየት በኩል እንደ ሆነ ያውቁና ወደ ዳር ይላሉ። ይህም የሚሆነው ድምፁ ከአንደኛው ጆሮዎ ወደ ሁለተኛው ለመድረስ ጥቂት ስለሚዘገይና አእምሮም ይህችን መዘግየት መዝኖ አቅጣጫውን ስለሚለይ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በውኃ ውስጥ ግን 1500 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍጥነቱ ከአራት እጅ በላይ በመብለጡ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለችው መዘግየት በዚያው ልክ ታንሳለች፤ ጠላቂውም ሞተሩን እየሰማ ከቀኝ ይሁን ከግራ፣ እየመጣ ይሁን እየሄደ ለመለየት ይቸገራል። መስማቱ ፍርሃት ይጨምርለታል እንጂ መሸሻ አያሳየውም።

ሁለተኛው ችግር ጠላቂው እንደ ልቡ ሊቸኩል አለመቻሉ ነው። በጥልቅ ውኃ ውስጥ የታመቀ አየር የሚተነፍስ ሰው በደሙና በሥጋው ውስጥ ናይትሮጅን የተባለው ጋዝ ይሟሟበታል። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት አረፋው ገንፍሎ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ጠላቂውም በፍጥነት ወደ ላይ ቢወጣ ጋዙ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆንና ለከባድ ሕመም ይዳርገዋል። ስለዚህ በደቂቃ 9 ሜትር ያህል ብቻ እየወጣ፣ 5 ሜትር ሲቀረው ሦስት ደቂቃ ያህል ቆሞ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲጨርስ ይማራል። እንግዲህ ያችን የመጨረሻ 5 ሜትር ለመውጣት ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ጀልባ ግን በግማሽ ደቂቃ ከ300 ሜትር በላይ ይሄዳል። ጠላቂው ቀና ብሎ አይቶ ሰማዩ ንጹሕ ነው ብሎ መውጣት ሲጀምር፣ የሚመታው ጀልባ ገና ከዐይኑ አድማስ ውጭ ነው። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ የሠራሁት ባለማመኔ ነው።

የጀልባው ነጂም ቢሆን ሁልጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ፈጣን ጀልባ ሲሮጥ አፍንጫው ወደ ላይ ስለሚነሣ ከፊቱ ያለውን ውኃ ይጋርድበታል። ፀሐይ ከውኃው ላይ እያንጸባረቀች ታጭበረብረዋለች። በማዕበል መካከል ብቅ ያለ የሰው ራስም ከተንሳፈፈ ቅል አይበልጥም። ከጀልባው በታች ያለው ፕሮፔለር ደግሞ በደቂቃ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ስለት ነው።

ይህን ሁሉ ያስተዋሉ ሰዎች በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር አንድ ሰንደቅ ዓላማ አወጡ፤ መደቡ ቀይ ሆኖ ነጭ መሥመር በሰያፍ ያቋርጠዋል። ትርጉሙም ከዚህ በታች ሰው አለ ማለት ነው። በመርከበኞች ዓለም አቀፍ የምልክት ቋንቋ ደግሞ ነጭና ሰማያዊ የሆነው የኤ ፊደል ሰንደቅ፣ ጠላቂ ስላለኝ ርቃችሁ በዝግታ እለፉ የሚል መልእክት አለው። ከዚህም ሌላ ብዙ ጠላቂዎች ገና ከሥር ሳሉ አየር ሞልተው ወደ ላይ የሚሰዱት ረዥም ብርቱካንማ ከረጢት ይይዛሉ፤ ከራስ ይልቅ እርሱ ከሩቅ ይታያል።

የፍሎሪዳ ሕግ ይህን ሰንደቅ በቍጥር አስሮታል። ጀልባ በሰፊ ባሕር ላይ ሰንደቁን ካየ በ300 ጫማ፣ ማለት በ91 ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ፣ በወንዝና በጠባብ መተላለፊያ ደግሞ በ100 ጫማ ውስጥ ሞተሩን አብርዶ በዝግታ መሄድ አለበት። ጠላቂውም በበኩሉ ከሰንደቁ ከዚያ ርቀት ላለመውጣት መጣር ግዴታው ነው፤ ሁሉም ከውኃው ሲወጡ ሰንደቁ መውረድ ይገባዋል። ይህን ሕግ የምወድለት ሁለቱንም ወገኖች በአንድ ገመድ በማሰሩ ነው። የመጨረሻው ትእዛዝ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የመንገድ ጥገና ካለቀ ከወር በኋላ ሳይነሣ የቀረውን «ሰዎች በሥራ ላይ» የሚል ሰሌዳ ያስቡ፤ ማነው እርሱን አይቶ ፍጥነቱን የሚቀንስ? ሰው በሌለበት የሚውለበለብ ሰንደቅም የጀልባ ነጂውን ዐይን ያለምዳል።

ከዳር የሚጠለቅበት ቦታ ከትልቅ መርከብ ጋራ ጎረቤት ሆኖ ሊኖር እንደሚችል ለማየት የፈለገ ሰው፣ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ከሲያትል በስተ ሰሜን ወዳለችው ወደ ኤድመንድስ ከተማ ይመልከት። መኪናና ሰው ጭኖ ወደ ኪንግስተን የሚያሻግረው መርከብ የሚቆምበት መድረክ አጠገብ፣ ከተማይቱ በ1970 ያቋቋመችው 27 ኤከር የባሕር ውስጥ ፓርክ አለ። በውስጡም በ1935 የሰመጠ የመርከብ መጠገኛ ይገኛል፤ ዓሦች ተሰብስበው የሚኖሩበትም እርሱ ነው። ጀልባ ወደ ክልሉ እንዳይገባ፣ ጠላቂም ወደ መርከቡ መድረክ እንዳይጠጋ ተከልክሏል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች በባሕሩ ወለል ላይ የዘረጉት የገመድ መንገድ ነው። የዚያ አገር ውኃ ብዙ ጊዜ ድፍርስ በመሆኑ መንገድ የጠፋው ሰው አቅጣጫ ለማየት ወደ ላይ ብቅ ይላል፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ገመዱን የተከተለ ግን ሳይወጣ ሄዶ ሳይወጣ ወደ ዳር ይመለሳል። ካርታ ላይ የነበረው መሥመር በእጅ የሚዳሰስ ሆነ ማለት ነው። በካሪቢያን ያለችው የቦኔር ደሴትም በ1979 ባሕሯን ስትከልል ጀልባዎች በኮራሉ ላይ መልሕቅ እንዳይጥሉ ከልክላ በቋሚ ማሰሪያዎች እንዲታሰሩ አድርጋለች፤ የታሰበው ለድንጋዩ ቢሆንም ጠላቂውም ጀልባ የት እንደሚቆም አወቀበት።

የቀረው የዳኝነቱ ነገር ነው። በኮዙሜል ሴትዮዋን የገደለው ጀልባ የአንድ ታላቅ ባለጸጋ ነጋዴ ንብረት ነበር። ስነዳ የነበርሁት እኔ ነኝ ብሎ ቃሉን የሰጠው ግን ከጀልባው ሠራተኞች አንዱ ሲሆን፣ የዐይን ምስክሮች ይህን ቃል አልተቀበሉትም። ፍርድ ቤቱ በቸልተኝነት ነፍስ በማጥፋት ጥፋተኛ ብሎ ሁለት ዓመት ከዐሥር ወር እስራት ፈረደበት፤ ነገር ግን በእስራቱ ፈንታ በእንግሊዝ ገንዘብ 61 ፓውንድ ያህል ከፍሎ እንዲሄድ ተፈቀደለት። የሟቿ እናት ጂን ማኮል ጉዳዩ እንደ ገና እንዲመረመር ለብዙ ዓመታት ደከሙ። በ2006 ጉዳዩን የያዘ አንድ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በአያያዙ ጥፋት እንደ ተገኘበት ተገለጸ፤ በባለ ጀልባው ላይ ግን ክስ አልቀረበም። ዘመቻው በ2009 ተዘጋ፤ የተረፈውም ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ተሰጠ።